በሩ አንድ ሜትር ከዘጠና

መጋቢት 4

ቀኑን ሙሉ አንድ ሊፍት ውስጥ ነበርኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ የሚንገጫገጭ... ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ወጣሁ። የሊፍት ጥገና ሥራ እንዲህ ነው፤ ስትጓዝ ውለህ የትም ሳትደርስ ትመለሳለህ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቤት ገባሁ። እማዬ ምግብ አሙቃ ጠብቃኛለች። "ተቀምጠህ ብላ" አለች። ቆሜ በላሁ። እግሬ ቀድሞኝ ወርክሾፕ ገብቶ ነበር።

ወርክሾፕ ስል... አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕቃ ያስቀምጥበት የነበረ ክፍል ነው። ከእማዬ መኝታ ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። መኪናዋ መሃል ላይ ቆማለች። ሦስት ዓመቷ። ድሮ ሰው ገበያ የሚሄድባት ተራ የቤት መኪና ነበረች። አሁን ሞተሯ ሌላ፣ ካምቢዮዋ ሌላ፣ ቱርቦ ተገጥሞላታል። ስታልቅ የዳገት ውድድር ላይ የሚደርስባት አይኖርም። መቼ ነው የምታልቀው? እሱን ተወው።

ሞተሩን አስነሳሁ። ጭሱን በረጅም ቱቦ በመስኮት ስላወጣሁት ወደ እማዬ አይሄድም። ድምፁ ነው እንጂ... ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በከዘራዋ ግድግዳውን መታች። አጥፍቼ ሄድኩ።

"አንዱ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ይቀራል" አለችኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠራች ሴት ናት። ስንት ማሽን በአንድ ላይ እየጮኸ የትኛው መርፌ ሊሰበር እንደሆነ ታውቅ ነበር አሉ። ተመልሼ ካንዴላዎቹን ፈታሁ። ሦስተኛው ረጥቧል። እንዴት ነው ነገሩ?

መጋቢት 12

ሰፋፊ ጎማ ከነቸርኬው አገኘሁ! እነዚህን ካየሁ በኋላ የበፊቶቹ የሕፃን ጫማ መስለው ታዩኝ። በያጁ ጓደኛዬ መጥቶ ዙሪያዋን ሁለቴ ዞረ። ስሙን ረስተነዋል መሰለኝ፣ ሁላችንም "ቀስ በል" ነው የምንለው። ከአፉ የማይጠፋው ቃል እሱ ነዋ።

"ከአካሏ ውጪ ወጥተዋል" አለ።

የጎማውን ሽፋን፣ ፓራፋንጎውን ቆርጠን በላሜራ እናሰፋዋለን አልኩት። ለክተሃል ወይ አለኝ። ለክቻለሁ አልኩት። ለክቼም ነበር፤ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ተጽፏል።

መጋቢት 14

ሥራ ቦታ ሆኜ ጎማዎቹን ብቻ ሳስብ ዋልኩ። አለቃዬ ሁለቴ ጠርቶኝ አልሰማሁም።

ሚያዝያ 2

ታላቅ እህቴ ከምትኖርበት ከተማ መጣች። ሳትቀመጥ ነገሯን ጀመረች። እኛ ቤት መቀመጥ የሚባል ነገር የለም፤ በዘር ነው መሰለኝ። ሰኔ 27 ቀን እማዬን ወደ ራሷ ቤት ልትወስዳት ነው። ባለፈው ሳምንት እማዬ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ወድቃ፣ መነሳት አቅቷት፣ ግማሽ ቀን መሬት ላይ ተቀምጣለች። ለኔ አልነገረችኝም። ለእሷ በስልክ ነገረቻት።

"ቀን ብቻዋን ናት" አለች እትዬ።

"ማታ እኔ አለሁ።"

"የት?"

የት አለሁ? ከግድግዳው ወዲያ።

ደሜ ፈላ... በእትዬ አይደለም፤ ልክ ስለሆነች ነው። "እሺ ትሂድ፤ ግን በታክሲ አይደለም፣ በኔ መኪና ነው የምትሄደው" አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። እትዬ ሳቀች። እማዬ አልሳቀችም።

"ለኔ የሚሆን ወንበር አላት?" አለች።

የላትም። ያላት የሾፌሩ ብቻ ነው። ሰማንያ አምስት ቀን ቀረኝ።

ሚያዝያ 21

ፓራፋንጎ... ፓራፋንጎ... ላሜራውን በጎማ መዶሻ፣ በአሸዋ ከረጢት ላይ፣ ጥቂት በጥቂት ጎበጥ ማድረግ። ትንሽ ካበዛህ ይሸበሸባል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። የመጀመሪያውን ሦስት ጊዜ ጣልኩት። ዛሬ አራተኛውና የመጨረሻው ተበየደ። ቀስ በል እንኳን በመዳፉ ዳበሰው። በሕይወቴ ጀምሬ የጨረስኩት የመጀመሪያው ቆንጆ ነገር ይሄ ነው። እውነቴን ነው።

እማዬ በምርኩዟ እስከ በሩ መጥታ አየቻት። "ወፍራለች" ብላ ተመለሰች።

ግንቦት 9

ቱርቦው ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏጨ! ፀጉሬ ቆመ። ወዲያው ግድግዳው ተመታ። ሄድኩ። "ፉጨቱ መሃል ላይ ይሰነጠቃል" አለች። ቱቦውን የሚያስረው ቀለበት ላልቶ ነበር። አጠበቅኩትና እንደገና አስነሳሁ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ተመታ። ሄድኩ። አሁንስ ምን ሆነ አልኳት።

"አሁን ደህና ነው" አለች።

ይህን ለመንገር? ሥራ አስፈታችኝ። መልሼ ሮጥኩ።

ግንቦት 27

የውድድር ወንበር ገዝቼላት ነበር፤ ጎንና ጎኑ ከፍ ያለ፣ ሰውን አቅፎ የሚይዝ። ዛሬ ሞከረችው። ገባች፤ መውጣት አቃታት። እኔ እጇን ስስብ፣ ቀስ በል ከኋላ ሲገፋ፣ እሷ በሳቅ ስትሞት... "ልጄ፣ ልትወስደኝ ነው ወይስ ልትቀብረኝ?" አለች። አውጥቼ ጣልኩት። የመኪናዋ የድሮ ወንበር ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ነበር። አቧራውን አራግፌ፣ ከሥሩ እንጨት አድርጌ ከፍ አድርጌ ገጠምኩት። ተቀመጠችበት። ጉልበቷ አላመማትም። የደህንነት ቀበቶውን ራሷ አሰረች። ከዚያ ወዴትም ሳንሄድ ትንሽ ቆየች።

እኔም አጠገቧ ልቀመጥ አስቤ ነበር። ፍሬኑ ትዝ አለኝና ወጣሁ።

ሰኔ 14

ጉድ ፈላ።

ዛሬ ልናወጣት ነበር። ሁሉም ነገር አልቋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ወለል አድርገን ከፈትነው። ቀስ በል ከኋላ ይገፋል፣ እኔ መሪ ይዣለሁ፣ እማዬ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አፍንጫዋ ወጣ... መብራቶቿ ወጡ... ከዚያ ድው። በግራ ፓራፋንጎው የበሩን ቋሚ ነካ። ትንሽ ወደ ቀኝ አልኩ። በቀኝ ነካ።

ወርጄ ግድግዳው ላይ ያለውን የጠመኔ ጽሑፍ አየሁ። "በር 1.90፣ መኪና 1.81።" በእጄ የተጻፈ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት። ከሰፋፊዎቹ ጎማዎች በፊት፣ ከፓራፋንጎዎቹ በፊት። ከዚያ ወዲህ ማን ለካ? ማን ቆሞ ለካ?

ቀስ በል "ለክተሃል ወይ ብዬህ ነበር" አላለኝም። ይህን አልረሳለትም።

ሰኔ 15

ለካሁ። 1.97።

ሰኔ 17

በሩን አፍርሼ ላስፋው አልኩ። ቀስ በል ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። የበሩ ቋሚ የእማዬን ክፍል ጣሪያም ተሸክሟል። በወጉ ይሠራ ከተባለ ድጋፍ ቆሞ፣ ፈርሶ፣ እንደገና ተገንብቶ፣ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ያለኝ አሥር ቀን ነው።

እማዬ "አፍርሰው፤ እኔ እንደሆንኩ እየሄድኩ ነው" አለች። ክፍሏን! ለመኪና! እኔ ግን ምን ያህል እንደተጨነቅኩ ያወቅኩት፣ ለአፍታ እሺ ልላት በመዳዳቴ ነው። በራሴ አፈርኩ።

ማታ እትዬ ደወለች። ታክሲ ልያዝ ወይ አለች። ነገ እነግርሻለሁ አልኳት። ክፍሉን ስዞረው ቆየሁ። ዞርኩ፣ ዞርኩ። ምን ያዞረኛል? መልሱን ከመጀመሪያውም አውቀው ነበር።

ሰኔ 20

ቆረጥኳቸው።

ቀስ በል እኔ ልቁረጥልህ አለኝ። አይሆንም አልኩ። ግራይንደሩን ራሴ ያዝኩ። አራቱንም። ብልጭታው ሲረጭ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ መነጽር አድርጌያለሁ፣ በብልጭታው ላሳብብ አልችልም። አንድ ወር የፈጀብኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወረደ። ሰፋፊዎቹን ጎማዎች ፈትቼ እነዚያን የሕፃን ጫማዎች መልሼ ገጠምኩ። ጠርዙ ሰው እንዳይቆርጥ ቀስ በል በቀጭን ላሜራ ሸፈነው። ቀለም የለውም። መልኳ ከሆስፒታል የወጣች ሴትዮ ይመስላል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገፋናት። ወጣች። በግራም በቀኝም እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተርፏት ወጣች።

እማዬ "ከሳች" አለች። ከዚያ "አማረባት" አለች። የቱን ልመን?

ሰኔ 27

ወሰድኳት።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። ሻንጣዋ፣ የመኝታ ትራሷ፣ ከዘራዋ። ከከተማው ወጣን። ሜዳው ላይ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ረገጥኩ። ቱርቦው አፏጨ፣ ወንበሩ ከኋላ ገፋን... እማዬ የበሩን እጀታ ጨበጠች። ፈራሽ አልኳት። "ጨምር" አለች። ጨመርኩ። ደስታዬን በምን ልጻፈው? ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እንደ ልጅ ሳቀች።

ዳገቱን ጨርሰን ጫፉ ላይ ስንደርስ፣ ከእትዬ ከተማ ግማሽ ሰዓት ሲቀረን፣ "አቁም፣ ሞተሩንም አጥፋው" አለችኝ። ጉልበቷ መስሎኝ ደነገጥኩ። ዳር ይዤ አቆምኩ። የጋለው ብረት ብቻ ቋ ቋ ይላል።

"ደስ የሚለኝ መስሎህ ነው?" አለች።

"ምኑ?"

"ይሄ ጩኸት። ፋብሪካ ውስጥ ጩኸት ጠግቤያለሁ። ጡረታ ስወጣ የናፈቀኝ ዝምታ ነበር።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ! ለምን አልነገርሽኝም?"

"ካጠፋኸው ወጥተህ ትሄዳለህ። ሲጮህ ቤት አለህ።" ከዘራዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። "ግድግዳውን ስመታ ደግሞ ትመጣለህ።"

አንጀቴን በላችው። ለእሷ የምሠራላት መስሎኝ ነበር እኮ። ሞተሩን የምታዳምጥልኝ መስሎኝ ነበር። እሷ የምታዳምጠው እኔን ነው። ስንት ጊዜ መታች? ስንት ጊዜ ሄጄ፣ በር ላይ ቆሜ፣ አንድ ቃል ሰምቼ ተመለስኩ? መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ጀርባዬን በመዳፏ መታ መታ አደረገች፤ ሁለቴ፣ እንደ ግድግዳው።

"ሦስተኛው ካንዴላስ?" አልኳት በኋላ።

"እሱማ እውነት ነው። ማሽን አይዋሸኝም።"

የቀረውን መንገድ ቀስ ብዬ ነዳሁ። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። መኪናዋን አይታ አፏን በእጇ ያዘች፤ በመገረም ይሁን በሳቅ አላውቅም።

ሰኔ 28

ብቻዬን ተመለስኩ። መኪናዋን አስገባኋት። በሩ ያለ ችግር ተዘጋ። ሞተሩን አስነሳሁና ጠበቅኩ። ምኑን ነው የምጠብቀው? አጠፋሁት።

ሰኔ 30

ቀስ በል መጣ። አሁን ጊዜ አለህ፣ በሩን በወጉ እናስፋና ፓራፋንጎዎቹን መልሰን እንበይዳቸው አለኝ። ዳገቱ ላይ በሚቀጥለው ወር ውድድር አለ። ልቤ ዘለለች፣ አልዋሽም። እግሬም ተነሳ። እናስብበት አልኩት። ደነገጠ። ከአፌ ይህን ቃል ሰምቶ አያውቅም።

ፓራፋንጎዎቹን አጥቤ ግድግዳው ላይ ሰቀልኳቸው፣ በጠመኔው ጽሑፍ ሥር። አሁንም ያምራሉ።

ሐምሌ 5

እሁድ። እትዬ ቤት ሄድኩ። በአውቶቡስ። በመኪናዋ የሁለት ሰዓት የነበረው መንገድ አራት ሆነ፤ በየመንደሩ ይቆማል። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ትከሻዬ ላይ ተኙ፤ አልቀሰቀስኳቸውም።

እማዬ በረንዳ ላይ ነበረች። ከዘራዋ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሞተር ስላልሰማች ከበሩ ስገባ አላወቀችኝም፤ አጠገቧ ስደርስ ነው ቀና ያለችው።

"መኪናዋ ተበላሸች?"

"ደህና ናት። ቤት ትቻት መጣሁ።"

አየችኝ። ወንበር ሳብኩ። ስለ ጎረቤቶቿ ነገረችኝ፤ የማታውቃቸውን ሰዎች በኮቴያቸው መለየት ጀምራለች። እኔ ስለዚያ ስለሚንገጫገጨው ሊፍት ነገርኳት። አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ዓይነት ድምፅ ነው የሚሰጠው አለች። በአፌ አሰማኋት። አሰበችና፣ ከላይ ነው እንጂ ከታች አይደለም አለች። ነገ አየዋለሁ። ከዚያ የምንለው አለቀብን። ማንም አልተነሳም።

ስምንት ሰዓት ላይ እትዬ ምሳ አቀረበች። ማንም ተቀመጥ አላለኝም። ተቀምጬ በላሁ።