አቶ አሳምነው ዘውገ፣ የጊቤው ገበሬና እንደራሴ (1925–2013 ዓ.ም.)

በ1948 ዓ.ም. ክረምት ጊቤ ሞልቶ ሁለት ወር አላሻግር አለ። የተዘራውን በቆሎ ጎርፍ ወሰደው። አንዱ በሬ ሞተ። ወባ ገባ። ጎጆው ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ መስከረም ሲጠባ አንድ ቀረ።

የቀሩት አቶ አሳምነው ናቸው። ከአባታቸው ከአቶ ዘውገ ተክለማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደስታ በወሊሶ አቅራቢያ በ1925 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ሲሞቱ እርሻ ገቡ።

በ1946 ዓ.ም. ከጓደኛቸው ከአቶ ፋንታዬ የሺዋስ ጋር፣ ሰው ወባ ፈርቶ ወደማይገባበት የጊቤ ቆላ ወረዱ። በሁለት መጥረቢያና በአንድ ጥማድ በሬ ዱሩን መነጠሩ። አቶ ፋንታዬ በ1948ቱ ክረምት በወባ ሞቱ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ቄስም ዘመድም ማምጣት አልተቻለም። አቶ አሳምነው ብቻቸውን ቀበሯቸው።

በኋላ እርሻው ያዘ። ሌሎች ገበሬዎችም ተከትለው ወረዱ፤ ቦታው መንደር ሆነ። አቶ አሳምነው በ1952 ዓ.ም. ወይዘሮ ወርቅውሃን አግብተው ልጃቸውን ትብለጥን ወለዱ። በ1957 ዓ.ም. ገበሬዎቹ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት መረጧቸው፤ በ1961 ዓ.ም. ደገሙላቸው። በምክር ቤቱ ብዙ አይናገሩም ነበር። ሲናገሩ ስለ ወባ መድኃኒትና ስለ ወንዙ መሻገሪያ ነበር።

ለመጀመሪያው ምርጫ የታተመው ወረቀት «ብቻቸውን ዱር መንጥረው ያቀኑ» ይላል። ቃሉን ያስገባው ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ነው። አቶ አሳምነው አንብበው ሳያሳርሙት ተዉት። የአቶ ፋንታዬ እናት ያኔ በሕይወት ነበሩ፤ ወረቀቱን ሰው አነበበላቸው። ከዚያ ወዲያ አቶ አሳምነው መንገድ ላይ እጅ ሲነሷቸው እናትየዋ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። እስኪሞቱም እንደዚያው ነበሩ።

በ1967 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ተዘጋ፤ መሬቱም ተወረሰ። አቶ አሳምነው በዕቃ ግምጃ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጡ። በ1999 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ልጃቸው ዘንድ ላስ ቬጋስ፣ ሰንራይዝ ማነር መጡ። ወይዘሮ ወርቅውሃ በ2006 ዓ.ም. አረፉ። አቶ አሳምነው በአፓርታማው በረንዳ ላይ በባልዲ ቃሪያ ይተክሉ ነበር። የሐምሌ ፀሐይ ያቃጥለዋል፤ ደግመው ይተክላሉ።

ባለፈው ታኅሣሥ ኮሮና ያዛቸው። ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም። ትብለጥ የካዚኖ ሺፍቷን እየጨረሰች ትመጣለች። ቤተሰቡ ፓርኪንጉ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መስኮቶቹን ያያል። የትኛው የእሳቸው እንደሆነ ያወቀ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ነርሷ ፊታቸውን በስልክ አሳየች። የልጅ ልጃቸው ማያ «አባባ፣ ይሰሙኛል?» ብላ ጮኸች።

«እሰማለሁ፤ ምን ያስጮህሻል? ስልኩን ለዘሪሁን ስጪው» አሉ። ዘሪሁን የባለቤታቸው ወንድም፣ የዚህ ታሪክ ጸሐፊ ነው።

«አንተ ዘሪሁን፣ የሕይወት ታሪኬን የምትጽፈው አንተ ነህ። ያቺን ነገር አውጣልኝ።»

የቷን ቢላቸው፣ «‹ብቻቸውን› የምትለዋን። እኔ አፍሬ ቀረሁ» አሉ። ኦክስጅኑን መልሰው አደረጉላቸው።

ጥር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. በ88 ዓመታቸው አረፉ። አንዲት ልጅና አንዲት የልጅ ልጅ ተክተዋል። መቃብሩ ላይ መገኘት የተፈቀደው ለዐሥር ሰው ነው፤ ሌላው በስልክ ይሰማል። የአቶ ፋንታዬ የእህት ልጅ ወይዘሮ ረድኤት ከወሊሶ መስመር ላይ ናቸው። ትብለጥ ናት ፈልጋ ያገኘቻቸው።

እግዚአብሔር የሁለቱን ባልንጀሮች ነፍስ በአንድነት ያሳርፍ።

በ1957 ዓ.ም. የታተመው እንዲህ ይታረም፦ የጊቤን ዱር የመነጠሩት አቶ ፋንታዬ የሺዋስና አቶ አሳምነው ዘውገ ናቸው።