የማሳሌ ቅጠል በወልዴ ፖስታ ሣጥን

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 1988
ብርድ። ሥራ። ዳውንታውን፣ የነዳጅ ኩባንያው ሕንፃ መስታወት ስወለውል ዋልኩ። ስመለስ ሲ-ትሬይን በሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ወልዴ ነበር። ፊቱን አዞረ። እኔም አዞርኩ። ሱዳን በአንድ ብርድ ልብስ የተኛን ሰዎች! ከተኳረፍን ስምንት ወር ሞላን። ለኮሚኒቲው ሊቀመንበርነት ስወዳደር ተቀናቃኜን ባዘዘውን መረጠ፤ ባዘዘውም አሸነፈ። ሰው ፊት «ከሃዲ» አልኩት። ታዲያ ምን ልበለው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 5
አብሮኝ የሚያጸዳው ታንዛኒያዊ፣ ሙሺ፣ ስለ አገሩ አወራኝ። ቻጋ ነው፣ የኪሊማንጃሮ ሰው። ድሮ አለቃቸው «ማንጊ» ይባል ነበር።
«ማን ይመርጠዋል?»
«ማንም። ይወለዳል።»
እንዴት ያለ የሠለጠነ ሕዝብ ነው! ከተራራው ውሃ በቦይ ስበው የሙዝ ማሳቸውን በተራ ያጠጣሉ። ተራ የሰረቀ የሙዝ ጠላ ጠምቆ ይክሳል። እኛ ኮሚኒቲ ቢሆን ለጠላው ስንል ሌባ እናበረታታ ነበር።
ከዚያ ሎቢው ውስጥ ያለውን ረጅም ቅጠል አሳየኝ። «ይሄ እኮ ማሳሌ ነው! እዚህ አቧራ እንጠርግለታለን።» እነሱ ዘንድ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ቅጠሉን ቋጥሮ ይልካል፤ የተበደለው እምቢ አይልም።
«የበደለው ነው የሚልከው?»
«ታዲያ ማን?»
እዚህ ላይ ቻጋዎች ትንሽ ተሳስተዋል።

እሑድ፣ ኅዳር 9
ወልዴ ቅዳሜ ጓዙን ጠቅልሎ ቶሮንቶ ሊሄድ ነው... ሽማግሌ ልላክ? የትኛውን? ሁሉም አመራር ውስጥ ናቸው፣ ወገን ይዘዋል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12
ከሎቢው ማሳሌ አንድ ቅጠል ቆረጥኩ። ቋጥሬ ወልዴ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ስሜን አልጻፍኩም... ከጻፍኩማ ጥፋቱን አመንኩ ማለት አይደል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 13
ጉድ ፈላ! የወልዴ ሚስት እሌኒ ለባለቤቴ ደወለች። «መተት ተደረገብን! የተቋጠረ ቅጠል!» ቤቱ ጸበል ተረጭቷል። የጠረጠሩት ባዘዘውን ነው፤ አባል እንዳይቀንስበት የወልዴን እግር ሊያስር ነው አሉ። ወዲያው ከኮሚኒቲው ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጋሼ ዘነበ፣ ደወሉ። «ባዘዘው አበቃለት። ወንበሩ ያንተ ነው፣ ተዘጋጅ።»
«እርስዎ ካሉ...» አልኩ። ምን አለ ዝም ብል? ዝም ካልኩ እኮ ሊቀመንበር ነኝ። ወልዴም ይሄዳል፣ ባዘዘውን እየረገመ...
ምሳ አልበላ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15
ሄድኩ። ወልዴ ዕቃ እየጫነ ነበር። ቅጠሉ የኔ ነው አልኩት። ስለ ማሳሌ፣ ስለ ማንጊ፣ ስለ ኪሊማንጃሮ፣ ስለ ውሃው ቦይ ሳይቀር አስረዳሁ። እስክጨርስ ሰማኝ።
«አንተ፣ አፍ የለህም?» አለኝ።
«ይቅርታ» አልኩ። በአፌ።
ወልዴ የሶፋውን አንድ ጫፍ ያዘና ሌላውን በአገጩ አሳየኝ። ተሸከምን። እሌኒ ለማንኛውም ብላ ጸበል ረጨችኝ።
ጋሼ ዘነበ ሰምተዋል። ወንበሩ ቀረ፤ ባዘዘው እንዳለ አለ። መኪናው ሲነሳ አለቀስኩ፣ አልደብቅም። «ስደርስ ኮል አደርግልሃለሁ» ብሎኛል ወልዴ።
ቶሮንቶ አራት ቀን መንገድ ነው። ስልኩን ግን ከአሁኑ አጠገቤ አድርጌዋለሁ።