ማሞቂያህን ገደልኳት

ታዬ ሆዴ፣

ጉለሌ አፈር አልብሼህ ከተለያየን ሁለት ዓመት ሞላ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተስ ስትመኘው የኖርክበት ቦታ ደርሰህ አርፈሃል። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ስዊድን፣ ሻርሆልመን አጠገብ ያለችው ቤታችንም ደህና ናት። ይህን የምጽፍልህ ሳሎን ቁጭ ብዬ፣ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሼ፣ ባዶ እግሬን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ነው። ወሩ የካቲት ነው፤ በረዶው የመስኮቱን ደፍ ሸፍኖታል። ይኼኔ "ሹራብ የለሽም እንዴ?" እንደምትል አውቃለሁ። የለኝም ታዬ። ወፍራም ወፍራሞቹን ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለማኅበራችን መጽሔት እልከዋለሁ። ለአንተ ብቻ የሚነገር ቢሆን ኖሮ ሻማ አብርቼ በሆዴ እነግርህ ነበር። ጓደኞችህ እንዲያነቡት ስለፈለግኩ ነው። እነሱም እንደ አንተ "የሚመጣው ዓመት አገራችን እንገባለን" እያሉ ሚስቶቻቸውን ብርድ የሚያስመቱ ናቸው።

በሞተ ሰው ላይ ቂም መያዝ ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ግን ይዣለሁ። ይዤም ዝም አላልኩም፣ ተበቅዬሃለሁ። እንዴት አድርጌ እንደተበቀልኩህ አንድም ሳላስቀር ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከአሮጊቷ ነው። ስሙን ያወጣህላት አንተ ነህ። ለማያውቋት ልንገራቸው፤ ምድር ቤታችን ውስጥ የነበረች፣ ስዊድኖቹ ኤልፓና የሚሏት፣ በኤሌክትሪክ ውሃ አሙቃ በየክፍሉ ወዳሉት ራዲያተሮች የምትልክ ማሞቂያ ናት። ቤቱን ስንገዛም አሮጊት ነበረች። የሸጠልን ሰውዬ ራሱ እንዳንወቅሰው ብሎ "ይህቺን ቶሎ መቀየር ይኖርባችኋል" ብሎን ነበር። አንተ በጨዋ ስዊድንኛህ አመሰገንከው። በሩን እንደዘጋን ግን ወደ እኔ ዞረህ "እኛ እስክንሄድ ትቆያለች" አልከኝ። ያኔ ልጃችን ሊያ ገና አትድህም ነበር። ዛሬ የራሷ ቤት፣ የራሷ ቁልፍ ያላት ሴት ናት።

እስክንሄድ። በዚህች ቃል ስንት ነገር አስቀረህብኝ። መጋረጃው እስክንሄድ ይበቃል፣ የወጥ ቤቱ ወለል እስክንሄድ ይበቃል። ጓሮው ላይ አንዲት የፖም ዛፍ ልትከል ብዬ ለመንኩህ፤ ፍሬውን ማን ሊበላው ነው አልከኝ። አንተ ተምረህ የመጣህ፣ ለሌሎች ሰዎች መቶ ዓመት የሚቆም ድልድይ ስታሰላ የምትውል መሐንዲስ፣ ለራስህ ቤት ከአንድ ዓመት በላይ አስበህ አታውቅም። "ይህን ብርድ ትውጣልን እንጂ" ትል ነበር ስለ አሮጊቷ በየዓመቱ፣ በኅዳር። ስትወጣልንም "አየሽ!" ትለኛለህ።

ጎረቤቶቻችን ተራ በተራ ማሞቂያቸውን ሲለውጡ አንተ በእጅ ጋሪ እየዞርክ የተጣሉትን ትሰበስብ ነበር። የምትሰበስበው ለመለዋወጫ ነው፤ የአሮጊቷን ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ድሮ አቁሟልና። ጋራዣችን የመንደሩ የሞቱ ማሞቂያዎች መቃብር ሆነ፤ መኪናችን ውጪ በረዶ ለብሳ ታድራለች። አሮጊቷ ማታ ማታ ስትንኳኳ፣ የሊያ ክፍል ራዲያተር ግማሹ ሞቆ ግማሹ ሲቀዘቅዝ፣ ምድጃና እሷ አብረው ሲበሩ ፊውዝ ሲቃጠል፣ ያ ሁሉ አንቀይራትም እንዴ የሚያሰኝ ምልክት ነበር። ለአንተ ግን የጥገና ደስታ ነበር። ለገና ወጥ መሥራትና መሞቅ አብረው አልሆኑልንም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብን። ሊያ የቤት ሥራዋን ኮፍያ አድርጋ ነው የጨረሰችው። እኔ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ተረኛ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ሥራ ካለቀ በኋላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ራዲያተር ላይ ጀርባዬን ደግፌ እቆይ ነበር። ጓደኞቼ ቤቷን የማትወድ ሴት ይሉኝ ነበር። እኔ ግን የምቆየው ለመሞቅ ነበር።

የጥፍር ቀለሜንም አልረሳሁትም። አንዲት ቀይ የጥፍር ቀለም ነበረችኝ፣ ለክብር ቀን የማስቀምጣት። አንድ ቀን እሷን ይዘህ ወርደህ የአሮጊቷ ማዞሪያ ላይ መስመር አሰመርክባት። ከዚህ ቀይ ምልክት ማንም እንዳያልፍ፣ ካለፈ ትሞታለች አልክ። እኔና ሊያ ያቺን ቀይ መስመር እያየን አደግን ማለት ይቻላል።

ደግነትህን አልክድም። ጠዋት ጠዋት በካልሲህ ምድር ቤት ትወርድና ሁለት እጅህን ሆዷ ላይ ታሳርፋለህ። ከታች "አለች!" ስትል ይሰማኛል። ከዚያ እጅህ ሳይቀዘቅዝ ደረጃውን በሩጫ ወጥተህ ማጅራቴ ላይ ታደርገዋለህ። ከእንቅልፌ የምነቃው በእሱ ነበር። በዚያች ሰዓት ሁሉንም ይቅር እልህ ነበር፤ ቁርስ እስክንበላ ድረስ ነው እንጂ።

በየካቲት ልብህ ድንገት ቆመች፤ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። የመጣው ሁሉ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ከማኅበራችን እናቶች አንዷ፣ እትዬ ሙሉ፣ ጓንታቸውን እንዳደረጉ ደረታቸውን ሲደቁ አየሁ፤ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። በዚያ ሐዘን መካከል በእፍረት ተኮማተርኩ። ከሰዓት በኋላ ግን ሰዉ እየበዛ መጣ፤ ደረጃው ላይ ሳይቀር ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ካፖርቱ አንድ በአንድ ይወልቅ ጀመር፤ የመስኮቱ መስታወት አላበው። ሊያ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ በስዊድንኛዋ "ማማ፣ ቤቱ እኮ ሞቀ" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ያቺ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሞቀችው አንተን ሊያለቅስ በመጣ ሰው ትንፋሽ ነው። በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሲበተን ብርዱ ተመልሶ ገባ። ቂሜ የተጸነሰው በዚያ ቀን ነው።

አገሬ ቅበሩኝ ብለህ ላላወቀህ ሳይቀር ተናግረህ ነበርና ማኅበሩ አስከሬንህን አሳፈረ፤ እኔና ሊያም አብረንህ በረርን። ሚሌኒየሙን አገራችን እናከብራለን ስትል ነበር። ከሚሌኒየሙ ቀድመህ ገባህ፤ እኔንና አሮጊቷን ኋላ ትተህ። መቃብርህ ዳር ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ደምሴ በከዘራቸው አጠገብህ ያለውን መሬት ነካ ነካ አድርገው "ይቺ የአንቺ ናት። ቤቱን ሽጪና ቶሎ ግቢ፤ ታዬ አደራ ብሎኛል" አሉኝ። ያን አደራ የሰማሁት ያኔ ነው። የኖርኩበትን ቤት ብርድ አንተ ወሰንክልኝ። የምቀበርበትንም አፈር ወስነህልኝ ኖሯል፤ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ አድርገህ ሳትጠይቀኝ። እሺ አላልኩም፣ እንቢም አላልኩም። ነጠላዬን አጣፋሁ።

አርባህን አውጥቼ ተመለስኩ። ቤቱን ስከፍት ትንፋሼ ይታየኛል። ሻንጣዬን መግቢያው ላይ ጥዬ፣ ካፖርቴን እንደለበስኩ ምድር ቤት ወረድኩ። ማዞሪያዋን ያዝኩና ቀዩ ምልክት ድረስ አመጣኋት፤ እዚያ ሲደርስ እጄ በራሱ ቆመ። ከዚያ አለፍኩት። እስከ መጨረሻው አዞርኩት። አሮጊቷ አጓራች፣ ተንኳኳች፣ ቱቦዎቹ ተንጫጩ። እኔ ላይ ወጥቼ ካፖርቴንም ሹራቤንም አውልቄ በአንዲት ስስ ቀሚስ ሳሎን መሐል ቆምኩ። መስኮትም ከፈትኩ ታዬ። ሙቀቱ ወደ ውጪ ሲወጣ እያየሁ ደስ አለኝ። ፊውዝ ሲቃጠል እየለወጥኩ፣ ስታጓራ እየሰማሁ ሰነበትኩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ምድር ቤቱ ውሃ ተኝቶበታል፤ ሆዷ ተቀዶ ነበር። እሰይ አልኩ።

ሊያ ቴክኒሻን ጠራችልኝ፤ ሸምገል ያለ፣ ቃላት የሚቆጥብ ስዊድናዊ ነው። ቀዩን መስመር በጣቱ ነካ አድርጎ ማን እንደሠራው ጠየቀኝ። ባለቤቴ ነው ስለው ራሱን ነቀነቀና ባለቤትሽ ባይንከባከባት ከብዙ ዓመት በፊት መቀየር ነበረባት አለኝ። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ አለ። አንደኛው እሷን የመሰለች አዲስ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በእሷ ቦታ መትከል ነው፤ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ቤቱን ቶሎ ለሚሸጥ ሰው ይበቃል። ሁለተኛው ጓሮውን ቆፍሮ፣ ድንጋዩን ሰርስሮ፣ ከምድር ሆድ ሙቀት የሚስብ ማሽን ማስገባት ነው፤ ይከብዳል፣ ጭቃው ብዙ ነው፣ ጉድጓዱ ግን ዕድሜው ረጅም ነው፣ ሰውን ይቀብራል። "ስለዚህ አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ፤ እዚህ ቤት እስከ መቼ ልትኖሪ አስበሻል?" አለኝ።

ይህን ጥያቄ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የሚጠይቅ ቢኖርም አንተ ነበርክ የምትመልስልኝ። አፌን ስከፍት "የሚመጣው ዓመት" የሚለው ቃልህ ጉሮሮዬ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። "እስክሞት" አልኩት። ሊያ ቀና ብላ አየችኝ። ሰውዬው "እንግዲያው መቆፈር ነው" አለና መለኪያውን አወጣ።

የቁፋሮው ዕለት ፈቃድ ወስጄ ቀረሁ። የት ይቆፈር ሲለኝ ፖሟን የከለከልከኝን ቦታ አሳየሁት። ዜና የምትሰማበትን ነጭ የፕላስቲክ ወንበርህን አውጥቼ፣ ተጠቅልዬ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ማሽኑ መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው የጎረቤት ውሻ ሁሉ ይጮኻል፤ ግራጫ ጭቃው ወንበርህ ላይ፣ ጫማዬ ላይ፣ አጥሩ ላይ ይረጫል። አንዲት ችግኝ ባላስተከልከኝ መሬት ከመቶ ሜትር በላይ ወረድኩበት። ብረቱ በወረደ ቁጥር ለአንተ የምመልስልህ መልስ ይመስለኝ ነበር። በዓመቱ ከጉድጓዱ ራቅ ብዬ ፖሟንም ተከልኳት። ጋራዥህ ውስጥ ያሉትን ሙታን ደግሞ ሊያና እኔ እየተመላለስን ብረት መጣያ ወሰድናቸው። መኪናዬ አሁን ከበረዶ ተርፋ ጋራዥ ታድራለች።

የመጨረሻውን በቀል በስልክ ነው የጨረስኩት። ጋሼ ደምሴ ደውለው ገዢ ተገኘ ወይ ሲሉኝ፣ "ጋሼ፣ ቤቱ አይሸጥም። ቦታዋንም ለፈለጉት ሰው ይስጡልኝ፤ እኔ የምቀበረው እዚሁ ነው" አልኳቸው። "ታዬን ብቻውን ልትተይው?" አሉኝ። "ብቻዬን ያስበረደኝ እሱ ነው" አልኳቸው። ስልኩን ስዘጋ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው የምልህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚህ በታች ያለው ለጓደኞችህ አይደለም፤ ቢያነቡትም ያንብቡት።

አዲሷ ማሽን ነጭ ናት፣ ማቀዝቀዣ ትመስላለች። ውስጧ የፈለገውን ያህል ቢሞቅ ላይዋ አይሞቅም፤ ሙቀት እንዳይባክን ተብሎ እንደዚያ ነው የተሠራችው። በተተከለች ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ሳላስበው፣ ባዶ እግሬን ወርጄ ሁለት እጄን አሳረፍኩባት። ቀዘቀዘችኝ። ቤቱ ከላይ እስከ ታች ሞቆ እጄን የማሞቅበት ቦታ አጣሁ። ማጅራቴን በራሴ እጅ ነካሁት፤ እሱም ቀዘቀዘኝ። በቀሌን ሳሰላ ይህቺን አላሰላኋትም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ በለቅሶህ ቀን ካለቀስኩት የበለጠ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ሥራ ሄድኩ።

ስላለቀስኩ ግን የሠራሁትን አላፈርስም። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ፖሟ በረዶ ውስጥ ቆማለች፣ የእኔም ቦታ እዚህ ነው። አንተ ደግሞ በየዓመቱ በየካቲት ትጠብቀኛለህ፤ ዘንድሮም በሚቀጥለው ሳምንት እደርሳለሁ። የመመለሻ ቲኬቴ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ከወዲሁ እወቀው። ሣሩን እነቅልልሃለሁ፣ ድንጋይህን አጥብልሃለሁ፣ ስለ ሊያ እነግርሃለሁ። ከዚያ ሁለት እጄን ብብቴ ውስጥ አቆያቸውና፣ ሳይቀዘቅዙ፣ ስምህ የተጻፈበት ላይ አሳርፋቸዋለሁ።

የማትከተልህ፣ የማትረሳህም፣
አስቴር