የራሴ እህት

ጥቅምት 4
ሱቄ አዲስ ጫማ ገባ። ዱባይ ተራ ዛሬ መተላለፊያ አልነበረውም። ከሰዓት ሱቁን ለእህቴ ለዱንያ ትቼ ክሊኒክ ሄድኩ። አፍንጫዬ ጎን ያለችውን እብጠት፣ ምስር የምታክለዋን፣ የቆዳ ሐኪሙ ከላይዋ ቆንጥሮ ወሰደ። በማይክሮስኮፕ ትታያለች አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አብራኝ ኖራ አሁን ምኗ ይታያል? ፕላስተር ለጥፌ ተመለስኩ። ደንበኛው ሁሉ ምን ሆንሽ ይላል። ላንዱ በር መታኝ፣ ለሌላው ንብ ነደፈኝ አልኩ።

ጥቅምት 15
ውጤቱ ደረሰ። ባሌ ፉርቃን "አንቺ ሱቅ ሁኚ፣ እኔ አመጣዋለሁ" ብሎ ሄደ። የራሱን መድኃኒት እንኳ እኔ የምገዛለት ሰውዬ! ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።
"አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለውም። የፀጉር ሥር እብጠት ነው። ግን ሙሉ በሙሉ ትውጣ ብለዋል።"
ምንም ከሌለው ለምን ትወጣለች? ወረቀቱስ አልኩት። እዚያው ቀረ አለ... ውሸት አይችልበትም። ጫማ እንዲሸጥ የማልፈቅድለትም ለዚህ ነው።

ጥቅምት 17
አማቴ መጡ። ሃያ ዓመት ስሜን ጠርተው የማያውቁ ሴትዮ "ሐጀሬ፣ ልጄ" አሉኝ። ማር ይዘው! ዱንያ ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ነው አለች። ቤት ውስጥ አንድ ራስ ሽንኩርት አልነበረም።
ይሄን ነገር አውቀዋለሁ። ካንሰር የያዘውን አባቴን ስምንት ወር "ጨጓራ ነው" ስንለው፣ ከሁላችንም ጎበዝ ውሸታም እኔ ነበርኩ። አሁን ተራው የኔ ሆነ ማለት ነው? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ጥቅምት 19
ውጤቱ የወጣበት ላቦራቶሪ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየች፣ ከዚያ እኔን። "ቤተሰብ ይዘው ይምጡ።" የራሴን ሥጋ ለመጠየቅ!

ጥቅምት 20
የዱንያን ጥቁር አባያ ለብሼ፣ ማስክ አድርጌ ተመለስኩ። ደግነቱ መስኮቱ ጋ ሌላ ልጅ ነበረች። "የሐጀራ እህት ነኝ" አልኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፣ ዶክተር ሰብሐት ቢሮ ገባሁ። ሽማግሌ ናቸው። በማይክሮስኮፕ ያዩትም እሳቸው።
"እህትሽ አታውቅም አይደል?"
"አታውቅም።"
"ጥሩ።"
ከዚያ ዘረገፉልኝ። ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮች አሉ። አንዱ ጉዳት የሌለው የፀጉር ሥር ዕጢ፣ ሌላው የቆዳ ካንሰር። የተቆነጠረው ከላይ ብቻ ስለሆነ መለየት አልቻሉም። ሙሉው ሲወጣ ይታወቃል። ገባኝ። እኔም ጫማ ኦሪጂናል ነው ፌክ ነው ለማለት ሶሉን ሳልገለብጥ አልፈርድም። "ለጊዜው አትንገሯት" አሉኝ። እሺ አልኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጥቅምት 25
እብጠቷ ወጣች። አምስት ስፌት። ፉርቃን እጄን ይዞ አልለቀቀኝም። ማወቄን አልነገርኩትም። ለምን? እልህ ነው... እሱ ደብቆኝ እኔ ልንገረው?

ኅዳር 6
ዛሬም ዱንያ ሆኜ ሄድኩ። ዶክተር ሰብሐት ሳቅ ብለዋል። ሳቃቸውንም ጠረጠርኩት። "ነይ፣ ራስሽ እዪ" ብለው ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሱኝ። ሐምራዊ ነገር፣ ጉብ ጉብ ያለ።
"ካንሰሩ ቢሆን ጠርዙ ላይ ከዙሪያው ተላቆ ክፍተት ይታይ ነበር። ይሄ ግን ከዙሪያው ጋር እንደተያያዘ ነው። እነዚህ ደግሞ ፀጉር ሊሠሩ ሞክረው ያልጨረሱ ሴሎች ናቸው። ሌላውንም ሁሉ አይቻለሁ። ጉዳት የለውም።"
አመንኳቸው። ለሐጀራ ቢሉት አላምንም ነበር፤ ለእህቷ ነው የነገሩት። ማስኩን አወረድኩ። አፍንጫዬ ጎን ያለውን ስፌት አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።
"ባለቤትሽ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ" አሉ በመጨረሻ። "እሷ እንዳትሰማ ብሎ ለመነኝ።"
ሱቅ ደርሼ ለፉርቃን ሁሉንም ነገርኩት። ማስኩንም፣ አባያውንም።
"ምንም የለውም፣ ወላሂ!"
ትኩር ብሎ አየኝ።
"ሐጀሬ... እንዳልጨነቅ ብለሽ ነው አይደል?"
ማልኩለት። ደግሜ ማልኩለት። እሺ፣ እሺ አለ፣ ልክ እኔ እናቱን እሺ እንደምላቸው። ሻይ ሲያቀብለኝ እንደ ታማሚ ብርጭቆውን ራሱ ያዘልኝ። ነገ ዶክተሩ ጋ አብረን እንሄዳለን። እኔ ሐጀራ ሆኜ።