ፊታቸውን ሳናይ የሸኘናቸው አማቻችን ፕሮፌሰሩ

አይ፣ ስማቸውንማ አንጽፍም! የሞተ ሰው ስም እዚህ አይጠራም፤ የሚቆጣ ይቆጣ። የዋራንጉላ ባልቴቶች ማኅበር፣ ፕሮፌሰሩ ባለፈው ሰኞ አሊስ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ስላረፉ አንጀታችን ቆስሏል ይላል። ነጮቹ ከብታቸውን እየነዱ ሲመጡ የመሬቱ ጥንተ ባለቤት የኛ ሰው ከየት ወዴት እንደተገፋ ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑ ሰው ነበሩ። እሳቸውም ነጭ ናቸው፤ ምን ይደረግ።

መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ሽማግሌው ክላሪ ወገን ሰጣቸው፤ የማን ዘመድ እንደሚባሉ ወሰነ ማለት ነው። ወገን የሌለው ሰው እዚህ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም። ክላሪ ግን ቸኩሎ፣ እኔን፣ ይህን የምጽፈውን፣ ሳይጠይቅ፣ አማቾቼ ካሉበት ወገን ከተታቸው! ሴት ልጄን ሳያገቡ አማቼ ሆነው አረፉት። አማትና አማች ደግሞ አይተያዩም፣ አይነጋገሩም። የውሃ ምንጮቻችንን ታሪክ የማውቀው እኔ፣ ሊጠይቁ የመጡት እሳቸው!

"ክላሪ፣ ምነው ጉድ ሠራኸኝ?" ስለው፣ "አንዴ ተሰጥቷል፣ በቃ" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ምናምን ዓመት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ሠራን። እሳቸው የእህቴን ልጅ ኖሪንን ይጠይቃሉ፣ ኖሪን እኔን። ኖሪን ከሌለች ውሻዬ አለ።

"አንተ ውሻ፣ ያ ምንጭ የማን ነው?"

"አንተ ውሻ፣ የእናቴ ነው በላቸው! ስንቴ ልንገርህ?"

የመሬታችን ክርክር ፍርድ ቤት የቀረበ ጊዜ ሁለታችንም ምስክር ሆንን። ዳኛው፣ "ሴትዮዋ ለምንድነው ለግድግዳው የሚናገሩት?" አሉ። ፕሮፌሰሩ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው፣ "አማቴ ስለሆኑ ነው፣ ክቡር ዳኛ። እኔ ልውጣላቸው" አሉ። ወጥተው ያን ሁሉ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሙ። እኔም ዞሬ ተናገርኩ። መሬቱ ተመለሰልን።

የቀረው መቀበሪያቸው ነው። ለኖሪን፣ "ከምንጩ አጠገብ ቅበሩኝ" ብለዋታል። እህታቸው ፍራንሲን ደግሞ "ሜልበርን፣ ከእናታችን ጎን" አሉ። እኛም በስልክ፣ "እህታችን፣ ሜልበርን ምን አማት አላቸው?" አልናቸው። ስልኩን ዘጉብን። የት እንደሚቀበሩ እስካሁን አልተቆረጠም።

ለእህታቸው፣ ለተማሪዎቻቸው፣ አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናቱን ይስጥ። ፎቷቸውን ግን ከግድግዳው አውርዱ፣ አደራ፤ የሞተ ሰው ፎቶም አይታይም። ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች...

ምን ትላለች ይቺ? ኖሪን በር ላይ ሆና ትጮሃለች። እህትየው መጡ አለች። የሬሳ ሳጥኑንም ይዘው ነው የመጡት አለች።

በሉ አማቼን አስገቧቸው! እኔ በጓሮ በኩል እወጣለሁ። ያኔ እሳቸው ወጡልኝ፤ ዛሬ እኔ ልውጣላቸው።