የእናቶች አረንጓዴ

ይድረስ ለእናቴ፤

እማዬ፣ ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ይህን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው፤ መነጽሬ ጠፋ ብለሽ ጎረቤት ጠርተሽ እንዳታስነብቢ። በስልክ ያልነገርኩሽም ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ከፍተሽ ስለምታወሪ ነው። አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቁርጥማቱ ተወሽ? ትንሽ ሲሻልሽ ኪኒኑን እንደምታቋርጪው አውቃለሁ፤ አታቋርጪ። እኔ ደህና ነኝ። ሙሽራዋም ደህና ናት፤ ከደህናም አልፋ ቤቱ አልበቃት ብሏል።

ሰርጉ አረንጓዴ ሆኗል። የአዳራሹ መጋረጃ፣ አበባው፣ የወንበሩ ልብስ፣ የሙሽራው ከረባት ሳይቀር አረንጓዴ ነው። ዲኮር የሚሠራው ሰውዬ ወይን ጠጅ ይሻላል ብሎ ቢለምናት አሻፈረኝ አለች። የሙሽራው አጎት ሰርግ ነው ወይስ ችግኝ ተከላ ብሎ ሲያሾፍባትም ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። አንዴ ካለች አለች ነው። በማን እንደወጣች አልነግርሽም።

አረንጓዴውም ደረጃ አለው። ጠቆር ያለው ለእናቶች፣ መካከለኛው ለአክስቶች፣ ፈካ ያለው ለእህቶችና ለሚዜዎች። ፎቶውን ያየ ሁሉ ማን ምኗ እንደሆነ ሳይጠይቅ እንዲያውቅ ነው ትላለች። ጨርቁን ሱቄ አምጥታ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ጠቆር ያለው ለሁለት ሰው ብቻ የሚበቃ ነው፤ ለአማቷና ላንቺ። ከዚያ ፈካ ያለውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ እታለም ይሄ ያንቺ ነው፣ ልጅ ያስመስልሻል አለችኝ። በዚህ ሽበቴ ከሚዜዎች ጋር ልሰለፍልሽ ነው። አመሰገንኳት። ምን ልበል? ሆድ ይፍጀው ማለትን ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ።

የሙሽራው እናት ለልክ መጥተው ነበር። ጥሩ ሴት ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ የቀሚሱን ጫፍ በስፒል ስይዝ እሳቸው ከላይ ሆነው ሙሽራዋን ያሞግሷታል፤ ጨዋነቷን፣ ሰው አክባሪነቷን፣ ሳቋን። ወላድ በድባብ ትሂድ፣ እናትሽ እንዴት ያለች ልጅ ወልደዋል አሉኝ። አፌ ስፒል ሙሉ ስለነበር ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። ስፒሉ ባይኖርስ ምን እል ነበር? የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የራሷ ወርቅ ሰው አንገት ላይ ሲያበራ ቆማ ለምታይስ ምን ተብሏል? ተናድጄ ነው የምጽፍልሽ፣ እማዬ። ንዴቱ የዛሬ አይደለም፤ ልነግርሽ የቆረጥኩት ግን ዛሬ ነው።

ያንቺን ቀሚስ የቆረጥኩት በማግስቱ ነው። አሠራሬን ታውቂያለሽ፤ ቀሚስ ስቆርጥ ሁልጊዜ ከራሴ ልክ ተነስቼ ለወፍራሟ እጨምራለሁ፣ ለቀጭኗ እቀንሳለሁ። ያን ቀን መጨመሩን ረሳሁት። በራሴ ደረት፣ በራሴ ወገብ፣ በራሴ ዳሌ አስምሬ መቀሱን ለቀቅኩበት። የገባኝ ትከሻውን አያይዤ ብድግ ሳደርገው ነው። የተረፈው ቁራጭ ለምንም አይሆንም፤ ሻጩም ያ ቀለም አልቋል አለ። ረሳሁ ስልሽ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። እኔም ራሴን አላመንኩትም።

ያም ሆነ ይህ ሰፍቼ ጨረስኩትና በሩን ቆልፌ ለበስኩት። አልዋሽሽም፣ አማረብኝ። መስታወቱ ፊት ወዲያና ወዲህ አልኩ። ፎቶ አንሺው እናቶች ወደዚህ ሲል፣ እኔም ደፍሬ ወደ ፊት ስራመድ ታየኝ። ልጽፍልሽ ያሰብኩትም ሌላ ደብዳቤ ነበር፤ ቀሚስሽ ተበላሽቷል፣ እኔ እለብሰዋለሁ፣ አንቺ ፈካ ያለውን ልበሺ፣ እስከዛሬ የለበስሽው ይበቃሻል የሚል።

በዚህ መሐል ሙሽራዋ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ያወቀች መሰለኝ። እንድታውቅም ፈለግሁ፤ አንዲት ቃል ብትጠይቀኝ ሁሉንም ዘርግፌላት ነበር። እሷ ግን ሳቀች። እታለም ቀለሙን ወደድሽው አይደል፣ በይ አውልቂው፣ እሱ የእናቴ ነው አለችኝ። ዚፑንም ከጀርባዬ ራሷ ከፈተችልኝ።

አወለቅኩት። እሷን አልተቀየምኳትም፤ የምታውቀውን ነው የተናገረችው። የተቀየምኩት አንቺን ነው፤ ይህን እወቂልኝ።

ቀሚሱ አሁን ላንቺ ይሆናል። ጎንና ጎኑን ተርትሬ ከራሱ ቀበቶ ቅጣይ አስገብቼበታለሁ። ክንድሽን ካላነሳሽ አይታወቅም፤ ስለዚህ ፎቶ ስትነሺ ክንድሽን አታንሺ። ቀሚስ ሳሰፋልሽ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ያሰፋሁልሽ ከትምህርት ቤት አስቀርተሽ አክስቴ ጋ ልትልኪኝ ስትዘጋጂ ነበር፤ ከሥሩ ለምታስሪው ትራስ ቦታ እንዲኖረው። ሰፈሩ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊልሽ ቀኑን ሲጠብቅ፣ እኔ አክስቴ ቤት መስኮት ተዘግቶብኝ ተቀምጬ ነበር። ያም ቀሚስ ልክሽ ሆኖ ነበር።

በይ በሰላም ነይ፣ መንገዱ የቀና ይሁንልሽ። ጉልበትሽን ጠንክሮ፣ ፊትሽን ፈክቶ ያሳየኝ። ለልጅ ልጅ ያብቃሽ የሚለውን ምርቃት ግን ለእንግዶቹ ትቼዋለሁ፤ እሱ ከደረሰልሽ ቆይቷል።

ልጅሽ፣
የሙሽራዋ ታላቅ እህት