በሁለት መርፌ ሊከፈት ስለነበረው አፌ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር፦

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ መንጋጋዎም እንደ ልብ የሚከፈትና የሚዘጋ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበርኩ። ባለፈው ዓመት ሕፃናቱን ፊደል ሳስቆጥር፣ ራብዑ ላይ ስደርስ ከጆሮዬ ሥር ቋ የሚል ድምፅ ተሰማና አፌ ከጣት ውፍረት በላይ አልከፈት አለ። ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፦

፩ኛ/ የመንጋጋ ሐኪምዎ፣ “ቀዶ ሕክምና አያስፈልግዎትም፤ በሁለት ቀጫጭን መርፌ መጋጠሚያውን አጥበን የዚያኑ ዕለት ቤትዎ ይገባሉ። ብቻ ሳይደርቅ ቶሎ ይሁን” ብሎኝ ነበር። ወዲያው እርሱን የአዲሱ ሕንፃ ምርቃት ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው ስለሾሙት አመሰግናለሁ። መርፌ የለመዱ እጆች መጋረጃ ሲመርጡ ማየት ለታማሚ ታላቅ መጽናኛ ነው።

፪ኛ/ በተመላለስኩ ቁጥር “አፍሽን ከፍተሽ ተናገሪ እንጂ!” እያለች ለምትቆጣኝ የካርድ ክፍል ሠራተኛዎ ምስጋናዬ ይድረሳት፤ በሽታዬን ከሁሉ ቀድማ ያወቀችው እርሷ ናት።

፫ኛ/ እርስዎም ኮሪደር ላይ አግኝቼዎት ስማጸንዎት፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው “አይዞሽ፣ ባልሽ ዕድለኛ ነው” ብለው ስቀዋል። ዕድለኛው ባለቤቴ ምግቤን አልሞ ፈጭቶ በማንኪያ ጫፍ ሲያቀምሰኝ፣ ዓይኑን ከዓይኔ ያሸሻል።

ሕንፃው ተመርቆ ሐኪሙ ነፃ ሲወጣ መረመረኝ። ጓንቱን አወለቀና፣ “ተጣብቋል፤ መርፌው አሁን አይረዳዎትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለኝ። የቀረው ቀዶ ሕክምና እዚህ አይሰጥም፤ የት እንደሚሰጥ የሚያውቅም አላገኘሁም። ተማሪዎቼ እኔን እየሰሙ ፊደሉን ሁሉ ጥርሳቸውን ገጥመው ማንበብ በመልመዳቸው፣ ወላጆች አቤት ብለው ወደ መጻሕፍት ግምጃ ቤት ተዛውሬያለሁ። እዚያ የሚያናግረኝ የለም፤ እኔም ማንንም አልጠብቅም።

አጥንቴ ድረስ ከዘለቀ አክብሮት ጋር፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ መጋረጃዎም እንዳይደበዝዝብዎ እየተመኘሁ፣

የቀድሞዋ የአንደኛ ክፍል መምህርት

ማስታወሻ፦ ጥርስ ነክሳብኛለች ብለው እንዳይቀየሙኝ አደራ። ከሰው ሁሉ ጋር እንዲሁ ነኝ፤ ጥርሴ ቢላቀቅልኝማ አስቀድሜ ለእርስዎ የምለው ነበረኝ።